ሁላችን በአንድ ኢሜይል

ሰዎች "መንግስት በስልካችን ይሰማናል" ሲሉ ድሮ እስቅ ነበር። አሁን አልስቅም። ፈርቼ ግን አይደለም። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ፤ ረዘም ይላልና ታገሱኝ።

ያኔ አስራ ሁለተኛን ጨርሼ፣ ፈተናው ጥሎኝ፣ ሐዋሳ ፒያሳ አንድ ካፌ ውስጥ ካሸር ነበርኩ። ተቀምጦ መዋል ለኔ እስር ነው። እግሬ ከባንኮኒው ስር ሲንቀጠቀጥ ይውላል፣ አፌ ደግሞ ከደንበኛ ጋር ሲጣላ። ካፌው የዩኒቨርሲቲ ሰው ይበዛበታል፤ ወሬያቸውም ዞሮ ዞሮ እዚያው ነው።

"ስልክህን አጥፍተኸው እንኳ ይሰሙሃል" ይላል አንዱ።

"አንተን ሰምተው ምን ሊጠቀሙ? ቁርስ አለመብላትህን?" ይለዋል ሌላው።

አንድ ሸምገል ያሉ መምህር ነበሩ። ጠንከር ያለ ነገር ሊያወሩ ሲሉ የጓደኞቻቸውን ስልክ ሰብስበው ባንኮኒዬ ላይ ይደረድሩና ጥግ ሄደው ይቀመጣሉ።

"መምህር፣ ምስጢርዎን እኔ ብሸጠውስ?" አልኳቸው አንድ ቀን።

"አንቺ ሰው ነሽ። ሰው ይለመናል፣ ይመከራል። ይሄ ምን ይባላል?" አሉኝ ወደ ስልኩ እየጠቆሙ።

እናቴ ደግሞ የራሷ አቋም ነበራት። ቱላ መንገድ ዳር ሸራ ወጥራ አቮካዶና ሙዝ ትሸጣለች፤ በቤተክርስቲያናችን የእናቶች ጸሎት መሪ ናት። "የሚያየኝ ጌታ ነው" ትላለች። "እሱ ካየኝ ሌላው ቢጨመርበት ምን ይለኛል?" እኔ በበኩሌ የኔን ስልክ የሚሰልል ሰው ካለ ተሰላችቶ ይሞታል ብዬ አምን ነበር።

አንድ ሰው ልጨምርላችሁ። አቤል። ባህል አዳራሽ አካባቢ ስልክ የሚጠግንና የሚጭን የቤተክርስቲያናችን ልጅ ነው። የሰፈራችን ሰው ስልክ ገዛም ሰበረም የሚሄደው እሱ ጋ ነው። አፕ ለመጫን ኢሜይል ያስፈልጋል፤ ከኛ ሰፈር ደግሞ ኢሜይል ያለው ማን ነው? አቤል የሱቁን ኢሜይል ያስገባል፣ "አለቀ፣ ውሰጂ" ይላል፣ ይዘሽ ትሄጃለሽ። የኔም፣ የእናቴም፣ የጎረቤታችን የእትዬ አስቴርም ስልክ እንዲህ ነው የተከፈተው። የማን ኢሜይል ነው ብሎ የጠየቀ የለም። ስክሪን ሲለጥፍልሽ "ይሄ ላስቲክ የማን ነው?" ትይዋለሽ?

ሐሙስ ጠዋት ደንብ አስከባሪዎች ቱላ መጡ። እረፍቴ ስለነበር እናቴን ላግዝ ሄጄ ነበር። ማስታወቂያ የለ፣ ቃል የለ። ሸራውን ቀደዱት፣ አቮካዶው መንገድ ላይ ተንከባለለ፣ አንድ ባጃጅ ላዩ ላይ ሄደበት። እኔ ስልኬን አወጣሁና ከአንድ የቆመ መኪና ጀርባ ሆኜ ቀረጽኩ።

እናቴን በሕይወቴ ስትሳደብ ሰምቻት አላውቅም። የዚያን ቀን ግን መጀመሪያ በሲዳምኛ ረገመች። እሱ አልበቃት ብሎ፣ ሁሉም እንዲሰማ ይመስለኛል፣ በአማርኛ ቀጠለች። "ለጽዳት እያላችሁ ከኛ የለቀማችሁት የት ገባ? የቀበሌ ሊቀመንበሩ ቤት ሁለተኛ ፎቅ ሆኖ ቆሟል! ሂዱና እሱን አፍርሱ!"

ሴቶቹ ሁሉ አጨበጨቡ። እኔም እየቀረጽኩ ሳቅሁ። ቪዲዮው ላይ ሳቄ ይሰማል። ማታ ለእናቴ ላሳያት ስል ፊቷን አዞረች። "አጥፊው። አፌን አረከስኩት" አለች። እሺ አልኩና ረሳሁት። ለማንም ግን አልላክሁም። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ለማንም።

አርብ ከሰዓት አስተናጋጇ ስልኳን ይዛ ወደ ባንኮኒዬ ሮጠች። "ማርቲ፣ ይቺ እናትሽ አይደለችም እንዴ?"

ናት። ብዙ ሰው የሚከታተለው ፔጅ ላይ፣ ከላዩ "ጀግና እናት" ተብሎ፣ ከስሩ ሰው እየተሳደበ፣ ሰው እየሳቀ። ሳቄም አለ። እግሬ መንቀጥቀጡን ያቆመው ያኔ ነው። ባጃጅ ይዤ ቱላ ስደርስ እናቴ የለችም። ሴቶቹ "ወሰዷት" አሉኝ፣ አይን አይኔን እያዩ። አስተያየታቸው ገባኝ። ከመኪናው ጀርባ ቆሜ ስቀርጽ ሁሉም አይተውኛል።

ፖሊስ ጣቢያው ውስጥ እናቴ አግዳሚ ላይ ነጠላዋን ተከናንባ ተቀምጣለች። መርማሪው አርባ የሚሞላው፣ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ድምፁ የማይጮህ ሰው ነው። የማይጮህ ሰው ይበልጥ ያስፈራኛል።

"አመጽ ማነሳሳት፣ ስም ማጥፋት" አለኝ። "እናትሽ በንዴት ተናገሩ እንበል። እሺ። ቪዲዮውን የለቀቀው ግን በንዴት አይደለም። እሱን ስጪኝና እናትሽን ይዘሽ ሂጂ።"

"የቀረጽኩት እኔ ነኝ። አልለቀቅኩትም።"

"ለማን ላክሽው?"

"ለማንም።"

"ታዲያ በራሱ እግር ሄደ?"

አፌን ልከፍት ስል እናቴ ቀደመችኝ። "እኔ ነኝ የለቀቅኩት።"

መርማሪው ብዕሩን አስቀመጠ። "እርስዎ እማማ?"

"እኔ።"

"በምን?"

"በስልክ ነዋ! በምን ሊሆን ነው?"

ስልኳን ከመሳቢያው አውጥቶ ሰጣት። "እስቲ ያሳዩኝ።"

እናቴ ስልኩን በሁለት እጇ ያዘችና፣ አቮካዶ መብሰሉን እንደምታይበት፣ በአውራ ጣቷ ጫን ጫን አደረገችው። ካልኩሌተር ተከፈተ። ዘጋችው፣ ደግማ ጫነች። የስልኩ መብራት ቦግ ብሎ የመርማሪው ፊት ላይ በራ። በሩ ላይ የቆመው ፖሊስ ሳቁን ለመያዝ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ዛሬ እምቢ አለኝ እንጂ እኔ ነኝ" አለች እናቴ፣ መብራቱን ማጥፋት አቅቷት በነጠላዋ እየሸፈነችው።

ከዚያ ወደኔ ዞራ በሲዳምኛ ቀስ ብላ "ዝም በይ። አንቺ ገና ልጅ ነሽ፣ እኔ ምን እሆናለሁ" አለችኝ።

ያኔ ነው ያቃጠለኝ። ልታድነኝ መፈለጓ አይደለም ያቃጠለኝ። አላመነችኝም። እናቴ ሰው ፊት የዋሸችው እኔ ዋሽቻለሁ ብላ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት አቤል ሱቁን ሲከፍት በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅሁት።

"አቤላ፣ ሰው ስልኬ ውስጥ ሊገባ ይችላል? ከላይ ሆኖ? ከመንግስት?"

"ስልክሽ ላይ? ለምን ብሎ?" ብሎ ሳቀ። ነገሩን ስነግረው ግን ሳቁ ፊቱ ላይ ቀዘቀዘ። ከንፈሩን ነከሰ። ኮምፒውተሩን ከፈተና ወንበሩን ለቀቀልኝ።

"ያው የሱቁ ኢሜይል ነው" አለ። "ሁሉም ሰው ፎቶው እንዳይጠፋበት 'አስቀምጥ' የሚለውን እከፍትለታለሁ። የሚቀመጠው... እዚህ ነው።"

ተመለከትኩ። ሰፈሬ ነበር። ሰፈሬ በሙሉ። የጸሎት ቡድኑ እናቶች፣ የመዘምራን ልጆች፣ የግድግዳ ጎረቤቶቼ። ሰርግ፣ ለቅሶ፣ ፖፖ ላይ የተቀመጠ ህፃን፣ የሀኪም ወረቀት፣ ባሏ ያደረሰባትን ለማሳየት የቆሰለ ክንዷን ፎቶ ያነሳች ሴት፣ ሌላዋ ለባሏ ብቻ ያነሳችው ፎቶ። አይኔን ጨፈንኩ። የኔ ቪዲዮም እዚያው መሀል ተሰክቷል።

"ይሄን ማን ያያል?"

"ማንም አያይም! ማለቴ... ስልኩ በዚህ ኢሜይል የተከፈተ ሰው ፎቶ ማስቀመጫውን ከነካው ያያል። አንዳንዴ ስልኩ ራሱ 'ትዝታ' ብሎ ያሳያል። ሰዎች እኮ 'የማላውቀው ሰው ፎቶ መጣብኝ' እያሉ ይመጣሉ። ቫይረስ ነው እላቸውና አጠፋላቸዋለሁ።"

"ቫይረስ!"

"ምን ልበላቸው ማርቲ? ለእያንዳንዱ ኢሜይል ልክፈት? የይለፍ ቃሉን በነጋታው ይረሱታል፣ ተመልሰው እኔኑ ይሰድባሉ!"

ልደበድበው ነበር። ግን እውነቱን ነው፤ ይረሱታል። ቪዲዮዬን የለቀቀው ከነዚህ ሰዎች አንዱ ነው። ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ምናልባት እናቴን የሚወድ ሰው ነው። "ጀግና እናት" ያለው እሱ ይሆናል።

ወደ ታች ስገፋ አንድ ፊት አየሁና እጄ ቆመ። በካኒቴራ፣ ሶፋ ላይ፣ ሁለት ሴት ልጆች ጸጉሩን በጎማ አስረውለት ይስቃሉ። መርማሪው። ከሱ ቀጥሎ ወረቀት አለ። የተጠርጣሪ ቃል፣ ሌላ ቃል፣ ግድግዳ ተደግፈው የቆሙ ሰዎች ፊት። ለአለቃው ለመላክ በስልኩ እያነሳ ኖሯል። ከሁሉ በላይ እናቴ ነበረች፤ ነጠላዋን አስወልቀው ያነሷት፣ ትላንት።

"ይሄን ሰውዬ ታውቀዋለህ?"

አቤል ጎንበስ ብሎ አየ። "አዎ፣ ስክሪኑ ተሰብሮበት መጥቶ ነበር፤ ኢሜይሉንም ያኔ አስገባሁለት። ጨዋ ሰው ነው፣ አልተከራከረኝም።"

ጣቢያ ተመልሼ ሄድኩ። መርማሪው ብቻውን ነበር። ስልኬን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት፣ ጸጉሩ በጎማ የታሰረበትን ፎቶ ከፍቼ። ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ወደ ጎን ገፋ አደረገው፤ ወረቀቶቹ መጡ፤ እንደገና ገፋ፤ እናቴ መጣች።

"ከየት አመጣሽው?" ድምፁ አሁንም አልጮኸም።

"ከስልክዎ። ስልክዎን የጫነልዎት ልጅ የኔንም ጭኖልኛል። የኔን ቪዲዮ የወሰደው ሰው የእርስዎንም ልጆች ማየት ይችላል። ሁላችን አንድ ቤት ነን፣ በር የለውም።"

ተነስቶ የቢሮውን በር ዘጋ። ሲቀመጥ ፊቱ ተለውጧል። ላቡ የተተኮሰ አንገትጌውን አርሶታል። ለአንድ አፍታ፣ እውነቴን ነው፣ አዘንኩለት።

"ስንት ሰው አለበት?"

"ቱላም፣ ባህል አዳራሽም፣ ፒያሳም።"

ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አንከባለለ። እያሰበ እንደሆነ ያስታውቃል። ይቅርታ ይጠይቀኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ሞኝነቴን እዩልኝ።

"እንግዲህ እንዲህ እናድርግ" አለ። "የኔን አጥፊ፣ አንድም ሳይቀር። ሌላውን አትንኪ። ከልጁ ጋር ሆነሽ የይለፍ ቃሉን ለኔ ታስረክቢያለሽ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሱቁ እመጣለሁ። እናትሽን አስራ አንድ ሰዓት ላይ ከበር ትወስጃታለሽ። መዝገቡ ይዘጋል።"

"ሌላውን ምን ሊያደርጉበት ነው?"

"ምንም። መኖሩ ይጠቅማል።"

እንዲህ ነው ያለው። መኖሩ ይጠቅማል።

"እሺ" አልኩና ወጣሁ።

ለአቤል ስነግረው ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ። "ስጪው በቃ። ምን ምርጫ አለን? እናትሽ ናት እኮ።"

"የሴቶቹን ፎቶስ? የዚያችን ክንድ?"

"አያየውም ይሆናል።"

"አንተ ቢሆን አታይም?"

ፊቱን ከስክሪኑ አዞረ።

"ሁሉንም እናጥፋው" አልኩት። "ሁሉንም። የሱንም፣ የኔንም፣ ያንተንም።"

"አብደሻል? ከዚህ ከጠፋ ከስልካቸውም ይጠፋል! ከዚሁ ማስቀመጫ ጋር እኮ የተያያዘ ነው። ስልካቸው ሞላ እያሉ ሲመጡ ከስልኩ ላይ ያራገፍኩት ስንት አለ፣ ሌላ ቦታ የለውም። ማርቲ፣ የእትዬ አስቴር ልጅ እዚህ ውስጥ ነው ያለው።"

ስለ እትዬ አስቴር ነግሬያችኋለሁ፤ ጎረቤታችን ናቸው። አንድ ልጅ ነበራቸው፣ መዘምራን ውስጥ ይዘምር ነበር፣ ታሞ ሞተ። ሲዘምር የተቀረጸ አጭር ቪዲዮ ነበራቸው፤ እንግዳ ቤታቸው ሲገባ ከሻዩ በፊት እሱን ነው የሚያቀርቡት። አንገቱን ያዘነብልና መሀል ላይ ግጥሙ ጠፍቶበት ይስቃል። እሳቸውም እዚያ ቦታ ላይ ሁሌ አብረውት ይስቃሉ።

"ፈልገውና አውርደው። እሱን ብቻ" አልኩት።

ፈለግን። ስም የለው፣ ቀን አናውቅ። የአንድ ሰፈር ሕይወት ነው፤ ከየት ይጀመራል? ኔትወርኩ ይንቀራፈፋል፣ አንዱ ሳይከፈት ሌላው ይጠፋል። የሚዘምር ልጅ ባየን ቁጥር እንከፍታለን፣ ሌላ ልጅ ነው። እኔ በሩን እያየሁ አቤል ስክሪኑን፣ እሱ በሩን እኔ ስክሪኑን። መርማሪው ደወለ። "ፒያሳን አለፍኩ" አለ። ከፒያሳ እኛ ጋ ምን ያህል እንደሆነ ሐዋሳን የሚያውቅ ያውቃል።

"ትንሽ ጠብቂ" አለ አቤል። "ማርቲ ትንሽ..."

ሁሉንም መረጥኩና አጠፋሁ። የጠፋው የሚጠራቀምበትን ቅርጫትም ባዶ አደረግሁት። ኮምፒውተሩ እርግጠኛ ነሽ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ከሰው ሁሉ እሱ ብቻ ነው የጠየቀኝ።

መርማሪው ሲገባ ወንበሩን ለቀቅሁለት። ባዶውን ስክሪን አየ፣ አቤልን አየ፣ እኔን አየ።

"የኔን ብቻ ነበር ያልኩሽ።"

"የአንተን ለይቼ ማውጣት አልቻልኩም" አልኩት። አንተ ማለቴን የሰማሁት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። "ከሰው ጋር ተቀላቅለህ ነበር።"

በጥፊ ይለኛል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን ጠጋ ብሎ፣ አቤል እንዳይሰማ ነው መሰል፣ ቀስ ብሎ ጠየቀኝ። "ኮፒ አስቀርተሻል?"

አላስቀረሁም። እግዚአብሔር ምስክሬ ነው፣ አንድም። ግን ዝም አልኩት። አይን አይኑን እያየሁ ዝም አልኩት። ሰውየው ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ እንደኛ ሆነ፤ ታይቶ እንደሆነ፣ ሊታይ እንደሆነ የማያውቅ ሰው።

አስራ አንድ ሰዓት ላይ እናቴ ነጠላዋን እያስተካከለች ከበሩ ወጣች።

ባጃጅ ውስጥ ሁሉንም ነገርኳት። ያስደስታታል ብዬ፣ እንዴት አድርጌ እንዳወጣኋት ታውቅልኝ ብዬ። ሌላውን ሁሉ ሰማችኝ። የእትዬ አስቴር ልጅ ጋ ስደርስ እጄን ያዘችኝ።

"አላገኘሽውም?"

"አላገኘነውም።"

"እና አጠፋሽው?"

"እማዬ፣ ሰውየው እየመጣ ነበር! አንቺ ታስረሽ..."

"አንድ ሳምንት ብቆይ ምን እሆን ነበር?" አለች። ከዚያ እጄን ለቅቃ ነጠላዋን ተከናነበች። ቪዲዮውንም እኔ እንዳልለቀቅሁት አመነችኝ ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ አላውቅም። አልጠየቅኋትም። ሌላው ግን ገብቶኛል። እሷ ለአስቴር ስትል ብትታሰር ይሻላት ነበር፤ እኔ ደግሞ ሳልጠይቃት አዳንኳት።

በዚያው ምሽት የሰፈሩ ስልክ ሁሉ ከፎቶ ባዶ ሆነ። እሁድ ከጸሎት በኋላ ግቢው ውስጥ ሌላ ወሬ አልነበረም። "መንግስት ነው ያጠፋብን" አለ አንዱ። "የውጭ ሀገር ሰዎች ናቸው" አለ ሌላው። "ፀሐይ ላይ የሆነ ነገር ፈንድቶ ነው፣ ሰምቻለሁ" አለ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፤ ተምሮ ሞቷል። ሁሉም አስተያየት ነበረው። እውነቱ እዚያው መሀላቸው ቀሚስ ለብሶ ቆሞ ነበር።

እኔ ደባቂ አይደለሁም። "እኔ ነኝ ያጠፋሁት" አልኩ፣ ጮክ ብዬ። ለምን እንደሆነም ነገርኳቸው፤ ስለ ኢሜይሉ፣ ስለ መርማሪው። አመሰገኑኝ መሰላችሁ? መጀመሪያ የጠየቁኝ "እና የኔን አይተሻል?" ብለው ነው። ክንዷ የቆሰለው ሴት አልጠየቀችኝም፤ ልጇን አቅፋ ወጣች። አቤል ጋ ዛሬም ይሄዳሉ። አሁን ለየሰዉ ኢሜይል ይከፍታል፣ የይለፍ ቃሉን ይረሱታል፣ ይሰድቡታል። እኔን ግን የሚሰድበኝ የለም። ቤታቸው ስገባ ስልካቸውን ገልብጠው ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡታል፣ ሰላም ከማለታቸው በፊት። ፖሊስ ሲገባ እንኳ እንዲህ አያደርጉም።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ምናልባት በስልካችሁ ነው የምታነቡት። መንግስት ይሰማናል ወይስ አይሰማንም ብላችሁ ስትከራከሩ ዋሉ፤ እኔ አልከለክላችሁም። ከመከራከራችሁ በፊት ግን ስልካችሁ ውስጥ ግቡና ከላይ የተጻፈው ኢሜይል የማን እንደሆነ እዩ። ነገሩ ከላይ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር። እኛው ነን በሩን ሳንሰራ የገባነው፣ የማን ቤት እንደሆነ ሳንጠይቅ፤ መርማሪው መጥቶ ቁልፉን ብቻ ነው የጠየቀው። ያ ቀን እንደገና ቢመጣም አጠፋዋለሁ። ይህን ስላችሁ ደስ ብሎኝ አይደለም።

እትዬ አስቴርም የዚያን እሁድ ስናገር ሰምተውኛል። አልጮኹም፣ አላለቀሱም። ሰው ሲበተን ቀስ ብለው መጡና ስልካቸውን እጄ ላይ አኖሩት።

"አንቺ እኮ ታውቂያለሽ ማርቲዬ። ያጠፋ ሰው ማምጣትም ያውቃል" አሉኝ።

እንደማይመለስ ነገርኳቸው። ደግሜ ነገርኳቸው። ስልካቸውን ተቀብለው ሄዱ። በሚቀጥለው እሁድ ግን ያንኑ ስልክ ይዘው መጡ። እስከ ዛሬ ይመጣሉ። ስልኩን ይሰጡኛል፤ እኔም ፎቶ ማስቀመጫውን እከፍታለሁ፣ ባዶውን ወደ ታች ገፋ፣ ገፋ አደርጋለሁ፣ እሳቸው በትከሻዬ በኩል ያያሉ። ከዚያ አንገታቸውን ትንሽ ያዘነብላሉ፣ ልጃቸው ግጥሙ በጠፋበት ጊዜ ያደርግ እንደነበረው። "እሺ፣ ለሳምንት" ይሉኛል፣ ስልኩንም ቦርሳቸው ውስጥ ይከቱታል።